በመኖሪያ ቤት ግንባታ ወቅት ጥራቱን ያልጠበቀ የቧንቧ ሥራ ሲያጋጥም መደረግ ያለባቸው ጉዳዮች

የቧንቧ ሥራ ከተጠናቀቀ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። የውኃ መስመሩ በግድግዳ ውስጥ፣ የፍሳሽ መስመሩ ደግሞ በወለል ሥር ይቀበራል፤ በላዩም ልስን፣ ሴራሚክና ቀለም ይደረብበታል። በዚህም ምክንያት በሥራው ላይ ያለው ጉድለት የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ቤቱ ውስጥ መኖር ከጀመረ በኋላ፣ ግድግዳ ሲረጥብ፣ ሴራሚክ ሲነሣ ወይም ከመታጠቢያ ቤት መጥፎ ሽታ ሲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው ወጪ የቧንቧው ዋጋ ብቻ አይሆንም፤ ቧንቧው የተሸፈነበትን ሁሉ አፍርሶ መልሶ የመሥራት ወጪ ይጨመርበታል።

ስለሆነም የቤቱ ባለቤት መብቱን በአነስተኛ ወጪ ማስከበር የሚችለው መስመሩ ከተዘረጋበት ጊዜ አንሥቶ ግድግዳው እስከሚለሰንበትና ወለሉ እስከሚሞላበት ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የሚከተለው ማብራሪያ በእነዚህ ቀናት መከናወን ስላለበት ምርመራ፣ ጉድለት ሲገኝ ስለሚሰጥ ማስጠንቀቂያ እንዲሁም ከርክክብ በኋላ ሕጉ ስለሚሰጠው ዋስትና መረጃ ይሰጣል።

የውሉ ዓይነት ኃላፊነትን ይወስናል

የመኖሪያ ቤት ቧንቧ በተለያየ መንገድ ይሠራል። አንዳንዱ ባለቤት ቤቱን በሙሉ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ይሰጣል። ሌላው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የእጅ ዋጋ ብቻ በመክፈል ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ይዋዋላል። ሠራተኛውን በቀን ሒሳብ ቀጥሮ በራሱ ትእዛዝ የሚያሠራም አለ። ሦስቱ አሠራሮች በሕግ ፊት አንድ ዓይነት ውጤት የላቸውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 የሥራ ውልን ሲተረጉም፣ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ለዚሁ ዋጋ ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። «በራሱ ኃላፊነት» እና «የተወሰነ ውጤት» የሚሉት ሐሳቦች ወሳኝ ናቸው። «የአንድ መታጠቢያ ቤትና የአንድ ማብሰያ ቤት የውኃና የፍሳሽ መስመር ዘርግቶ፣ ፈትኖ ለማስረከብ» የተዋዋለ ሰው ለውጤቱ ተጠያቂ ነው። በቀን ሒሳብ የተቀጠረና የቤቱ ባለቤት ወይም ፎርማን የሚያዘውን ብቻ የሚሠራ ሰው ግን የሸጠው ጉልበቱንና ጊዜውን ነው፤ ከዓመት በኋላ ለሚታይ ጉድለት እንደ ሥራ ተቋራጭ ዋስ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ይሆናል። የቀን ሒሳቡ በመጀመሪያ ሲታይ ርካሽ የሚመስል ቢሆንም፣ ለሚቀበር ሥራ የሚመከር አይደለም።

ሥራው አነስተኛ ቢሆንም በጽሑፍ መዋዋል ይገባል። በሕግ በጽሑፍ እንዲደረግ የታዘዘ ውል በ2 ምስክሮች ካልተረጋገጠ እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 ይደነግጋል፤ የቧንቧ ሥራ ውልም በዚሁ መልክ ቢዘጋጅ በኋላ ስለ ውሉ መኖር ክርክር አይነሣም። በውሉ ላይ የቧንቧው ዓይነት፣ ውፍረቱና የግፊት ደረጃው፣ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ዕቃዎቹ ቁጥርና ቦታ፣ ሥራው የሚጠናቀቅበት ቀን እንዲሁም መስመሩ ሳይፈተን እንደማይሸፈን በግልጽ መስፈር አለበት። የሠራተኛው ሙሉ ስም ከነአያት፣ የመኖሪያ አድራሻውና የመታወቂያው ቅጂም ከውሉ ጋር መያያዝ ይኖርበታል። ብዙ ባለቤቶች የሚይዙት የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ማስጠንቀቂያ የሚላክበትም ሆነ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚደርስበት ቦታ አይኖርም።

በሠራተኛ ምርጫ ጊዜ የሙያ ብቃት ምዘና ወስዶ ያለፈበትን የምስክር ወረቀት፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን፣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ ጋር ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት የሠራውን ቤት አይቶ ነዋሪዎቹን ማነጋገር ጠቃሚ ነው። አዲስ የተጠናቀቀ ቤት ማየት ብዙ አያስረዳም፤ አዲስ ቤት ሁሉ ደረቅ ነው።

የክፍያውን አከፋፈል በሚመለከት ቀብዱ አነስተኛ ሆኖ ቀሪው በደረጃ ቢከፈል ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል። አንዱ ክፍያ ከሽፋን በፊት የሚደረገው የግፊት ፈተና ሲያልፍ፣ ሌላው ዕቃዎቹ ሁሉ ተገጥመው ሲሠሩ፣ የመጨረሻው ደግሞ ቤቱ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ እንዲሆን መስማማት ይቻላል። በትላልቅ የግንባታ ውሎች መያዣ ገንዘብ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ በመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ዕቃውን የሚገዛው ባለቤቱ ሲሆን

የእጅ ዋጋ ብቻ በሚከፈልበት አሠራር ጉድለት ሲታይ ሠራተኛው ዕቃውን፣ ሻጩ ደግሞ ሠራተኛውን ተጠያቂ ያደርጋል። ይህን ለማስቀረት ዕቃው ወደ ግንባታው ቦታ ሲደርስ ሠራተኛው ተመልክቶ ተስማሚ መሆኑን በጽሑፍ ቢያረጋግጥ፣ ካልተስማማም ከመሥራቱ በፊት ተቃውሞውን እንዲገልጽ በውሉ ቢካተት መልካም ነው።

በቧንቧው አካል ላይ የአምራቹ ስም፣ ስፋቱ በሚሊ ሜትርና የግፊት ደረጃው ታትሞ ይገኛል። ለሙቅ ውኃ መስመር በተለምዶ የሚመረጠው ፒኤን 20 የሚል ምልክት ያለው የፒፒአር ቧንቧ ነው። ጽሑፍ የሌለው ወይም ጽሑፉ በጣት ሲነካ የሚለቅ ቧንቧ መግዛት አይመከርም። ፒፒአር ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ጥንካሬው ስለሚቀንስ በግንባታው ቦታ ጥላ ሥር መቀመጥ አለበት።

ዕቃ ሲገዛ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል የግድ ነው። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ሻጩ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከሰጠም በዚያው ይጠቀማል። ጊዜው አጭር በመሆኑ ቧንቧና መገጣጠሚያዎችን ከወራት በፊት ገዝቶ ማከማቸት ይህን መብት ያሳጣል።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የሚደረግ ምርመራ

የፒፒአር ቧንቧ የሚገጣጠመው ቧንቧውንና መገጣጠሚያውን በማቅለጫ ማሽን በአንድ ጊዜ አሙቆ በማጋባት ነው። ማሽኑ ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የማሞቂያው ጊዜ እንደ ቧንቧው ስፋት ይለያያል፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰኮንድ፣ ለ25 ሚሊ ሜትር 7 ሰኮንድ፣ ለ32 ሚሊ ሜትር 8 ሰኮንድ ያህል ነው። ከዚህ በላይ ሲሞቅ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ፈስሶ የውኃውን መተላለፊያ ያጠባል፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከዓመት በኋላ የሻወሩ ውኃ እየቀጠነ ለምን እንደሚወርድ ሲጠይቅ ነው። ከዚህ በታች ሲሞቅ ደግሞ መገጣጠሚያው የተያያዘ መስሎ ይቆይና ግፊት ሲጨምር ይለቃል። በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ በቀዘቀዘ ማሽን «አንዷን ብቻ እንጨርስ» በሚል የሚሠራ መገጣጠሚያ የዚህ ዓይነት ነው። መብራቱ ተመልሶ ማሽኑ ሙቀቱን እስኪያገኝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለቤቱ ባለቤት በዓይን የሚታይ ምልክት አለ። በትክክል የተበየደ መገጣጠሚያ ቧንቧው ከሚገባበት አፍ ዙሪያ እኩል የሆነ የቀለጠ ፕላስቲክ ቀለበት ይኖረዋል። ቀለበቱ በአንድ በኩል ብቻ ከታየ፣ ፈጽሞ ከሌለ ወይም ቧንቧው ጠምዞ ከገባ መገጣጠሚያው ተቆርጦ በአዲስ መተካት አለበት። ብረት ከፕላስቲክ የሚገናኝባቸው፣ በቴፍሎን የሚጠበቁ ጥርሶችም ተለይተው መታየት ይኖርባቸዋል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ጥርስ መገጣጠሚያውን ይሰነጥቃል።

ከዓይን ምርመራ በኋላ የሚቀጥለው የግፊት ፈተና ነው። የቧንቧው ጫፎች ሁሉ በመድፈኛ ይዘጋሉ፤ መስመሩ ቀስ በቀስ በውኃ ይሞላል፤ በውስጡ ያለው አየር ከከፍተኛው ጫፍ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከዚያም በእጅ በሚሠራ የመፈተሻ ፓምፕ ግፊቱ ይጨመራል። የፈተናው ግፊት ከመስመሩ የሥራ ግፊት ቢያንስ 1.5 እጥፍ መሆን አለበት፤ በመኖሪያ ቤት የፒፒአር መስመር ላይ ብዙ ጊዜ እስከ 10 ባር ይደረሳል። ፒፒአር በመጀመሪያ በጥቂቱ ስለሚለጠጥ የመለኪያው ቀስት ትንሽ ሊወርድ ይችላል፤ ያ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ግፊቱ ዳግመኛ ከተስተካከለ በኋላ ግን ቀስቱ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ባለበት መቆም ይኖርበታል። የውኃ ማሞቂያውም ሆነ ሌሎች ዕቃዎች በዚህ ጊዜ ከመስመሩ ጋር መገናኘት የለባቸውም።

በግንባታ ቦታዎች በተደጋጋሚ የሚሰማው መልስ «ታንከሩ ሲሞላ እናየዋለን» የሚል ነው። ይህ ፈተና አይደለም። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ነው፤ ከቧንቧው 4 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር የሚሰጠው ደግሞ 0.4 ባር ገደማ ነው። በዚህ ግፊት ደካማ መገጣጠሚያም ሳያፈስ ሊቆይ ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ሌሊት የከተማው መስመር ግፊት ሲጨምር ወይም ባለቤቱ በኋላ የውኃ ፓምፕ ሲያስገጥም ነው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው አካባቢዎችም ፈተናውን የሚያስቀር ምክንያት የለም፤ የእጅ ፓምፑ ከበርሜል በሚቀዳ ውኃ ይሠራል።

ፈተናው ካለፈ በኋላ መስመሩን ባዶ ከማድረግ ይልቅ ግፊቱ እንዳለ ሆኖ ልስኑና የሴራሚክ ሥራው እንዲቀጥል ማድረግ ይመረጣል። ለሳኑ ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በምስማር ወይም በመሮ ቧንቧውን ቢወጋ መለኪያው ወዲያውኑ ያሳያል፤ ማን እንደወጋው በሚለው ላይም ክርክር አይነሣም።

የፈተናው ቀን፣ የተደረሰበት ግፊት፣ የቆየበት ጊዜና በቦታው የነበሩ ሰዎች ስም በአንድ ገጽ ተጽፎ በሠራተኛውና በባለቤቱ መፈረም አለበት። እያንዳንዱ ግድግዳ ከመሸፈኑ በፊት ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶግራፍ ቢነሣ፣ ከወለልና ከማዕዘን ያለው ርቀት የሚታወቅ በመሆኑ ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ ለሚበሳም ሰው ይጠቅማል።

በዚሁ ወቅት መታየት ያለበት ሌላ አደገኛ ጉድለት አለ። አንዳንድ ሠራተኞች ቧንቧ ለማሳለፍ ኮለንና ቢም ይፈለፍላሉ፤ ብረት የሚቆርጡበትም ጊዜ አለ። ይህ የቧንቧ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሕንፃውን አቅም የሚነካ ተግባር ስለሆነ ሥራው ወዲያውኑ ቆሞ የሕንፃውን ስትራክቸር የነደፈ ወይም ሌላ ብቁ መሐንዲስ ሊያየው ይገባል። በሶሌታ ውስጥ የሚያልፉ ቧንቧዎች ማለፊያ ከኮንክሪት ሙሌት በፊት መዘጋጀት አለበት።

የፍሳሽ መስመር

በፍሳሽ መስመር ላይ ግፊት የለም፤ ፍሳሹ የሚሄደው በቁልቁለት ብቻ ነው። ለመጸዳጃ መቀመጫ በተለምዶ 110 ሚሊ ሜትር፣ ለእጅ መታጠቢያና ለሻወር 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ይዘረጋል። ለትንንሾቹ ቧንቧዎች በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው 8 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ባለቤቱ ይህን በውኃ ልክና በሜትር ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ወለሉ ቀድሞ በመሞላቱ ዝቅታው የተገኘው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ በተደጋጋሚ እንደሚዘጋ ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ጥፉ በሆነ የ90 ዲግሪ ክርን ከመታጠፍ ይልቅ በሁለት የ45 ዲግሪ ክርኖች መታጠፍ፣ አቅጣጫ በሚለወጥበትም ቦታ የሚከፈት ክዳን ማኖር መዘጋትን ይቀንሳል። ፈተናው ቀላል ነው። የመስመሩ የታችኛው ጫፍ ተደፍኖ በውኃ ይሞላል፤ የውኃው ከፍታ ምልክት ይደረግበትና ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ዝቅ ማለት አለማለቱ ይታያል።

ሽታን የሚከላከለው ሳይፎን ውስጥ የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ነው። የአየር መተንፈሻ ቧንቧ ያልተሠራለት መስመር መጸዳጃው በተለቀቀ ቁጥር ይህን ውኃ ስቦ ሊወስደው ስለሚችል ሽታው ወደ ክፍሉ ይገባል። ሳይፎኑን ደጋግሞ መቀየር መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ የጎደለው መተንፈሻው ነው።

የመጠጥ ውኃ መስመርና የፍሳሽ መስመር በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበው መቀበር የለባቸውም። ቦታ ጠቦ መቀራረባቸው ግድ ቢሆን እንኳ የውኃው መስመር ከፍሳሹ በላይና ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል፤ አገልግሎቱ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጠፋ በቀዳዳ በኩል በዙሪያው ያለ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዚህ ጉድለት ዋጋ የሚከፈለው በጤና ነው።

በፎቅ ቤት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የውኃ መከላከያ ሽፋን ተቀብቶ፣ መውረጃው ተደፍኖ፣ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት ተይዞ የታችኛው ጣሪያ መታየት ይኖርበታል።

ጉድለት ሲገኝ

የመጀመሪያው እርምጃ ጉድለት ያለበት ክፍል እንዳይሸፈን ማድረግ ነው። ለሳኑና ሴራሚክ ሠራተኛው በዚያ ክፍል ሥራቸውን እንዲያቆሙ ይነገራቸዋል። ቀጥሎ ጉድለቱ ሳይነካ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ይነሣል። በንዴት ወዲያውኑ አስፈርሶ በሌላ ሠራተኛ ማሠራት ማስረጃውን ያጠፋል፤ የመጀመሪያው ሠራተኛም «ያበላሸው የመጣው ሰው ነው» ለማለት ዕድል ያገኛል። ጉዳዩ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ነፃ የሆነ የሳኒተሪ ባለሙያ አይቶ አጭር የጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥ ማድረግ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ተዋዋይ ሌላው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አንቀጽ 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ መወሰን እንደሚቻል ይገልጻል። ጽሑፉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ለምሳሌ የሚከተለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፦

«ለአቶ …። በ… ቀን ባደረግነው ውል መሠረት የዘረጉት የውኃ መስመር በ… ቀን ሲፈተን ግፊቱን መያዝ አልቻለም። በተጨማሪም የመታጠቢያ ቤቱ የፍሳሽ መስመር በ4 ሜትር ርዝመት ያለው ዝቅታ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጉድለቶቹን እስከ … ቀን ድረስ በራስዎ ወጪ አስተካክለው መስመሩ በድጋሚ እንዲፈተን እንዲያደርጉ አሳስባለሁ። በተባለው ጊዜ ካልፈጸሙ ሥራውን በሌላ ባለሙያ አሠርቼ ወጪውን በሕግ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።»

ደብዳቤው በ2 ቅጂ ተዘጋጅቶ ተቀባዩ በአንዱ ላይ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ ደብዳቤው የደረሰው መሆኑን ምስክሮች ፈርመው ያረጋግጣሉ ወይም በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላካል። በስልክ የተደረገ ንግግር ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ቤቱ በሙሉ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ የተሰጠ ከሆነ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለሥራ ተቋራጩ ነው፤ ቧንቧውን ለማን እንዳሠራ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሠራተኛው ለማስተካከል ፈቃደኛ ከሆነ ዕድሉ ሊሰጠው ይገባል። አብዛኛው ጉድለት ግድግዳው ክፍት እያለ በአንድና በሁለት ቀን የሚታረም ነው። ፈቃደኛ ካልሆነ፣ የማድረግ ግዴታን በሚመለከት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1777 ባለገንዘቡ ሥራውን በባለዕዳው ወጪ ለማሠራት እንዲፈቀድለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ወጪው ከፍተኛ በሚሆንበት ጊዜ ከማሠራት በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ክፍያን በሚመለከት ያለክርክር በትክክል የተሠራውን ክፍል ከፍሎ፣ ጉድለቱን ለማረም የሚበቃውን ገንዘብ ብቻ መያዝ በኋላ በፍርድ ቤት ፊት ባለቤቱን በቅን ልቦና የሠራ አድርጎ ያሳየዋል። የሠራተኛውን የማቅለጫ ማሽንና መሣሪያ መያዝ ግን መፍትሔ አይደለም። ጥፋተኛ የነበረው ሠራተኛ ከሳሽ፣ ባለቤቱም ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሽማግሌ መታረቅ የተለመደና ብዙ ጊዜም ውጤታማ መንገድ ነው። ስምምነቱ ማን ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ እንደሚሠራ በጽሑፍ ሰፍሮ በሁለቱ ወገኖችና በሽማግሌዎቹ መፈረም ይኖርበታል። ተዋዋዮች በውላቸው የግልግል ዳኝነት ከመረጡ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ይመራል።

የግንባታ ፈቃድ የሰጠው ጽሕፈት ቤት በባለቤቱና በሠራተኛው መካከል ያለውን የገንዘብ ክርክር አይወስንም። ሥራው ከጸደቀው ዕቅድ ውጪ ሲሆን ወይም የሕንፃውን ደኅንነት የሚነካ ጉድለት ሲታይ ግን ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከት ይገባል። ከቆጣሪ በፊት ባለው መስመርና ከሕዝብ ፍሳሽ መስመር ጋር በሚደረግ ግንኙነት ላይ የሚታይ ችግር የሚቀርበው ለአካባቢው የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ይህ ለአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው።

ርክክብና የ10 ዓመት ዋስትና

ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ሥራው ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው በሚገባ መሠራትና ጽናት ዋስ መሆኑን ይገልጻል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። «ከርክክብ በኋላ ለሚደርስ ጉድለት ተጠያቂ አይደለሁም» የሚል ሐረግ በውል ላይ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ መብቱን እንዳጣ ቆጥሮ መተው የለበትም።

ይሁን እንጂ ዋስትናው ሁሉንም ጉድለት አይሸፍንም። በአንቀጽ 3040 መሠረት ዋስትናው የሚመለከተው ሥራውን በውሉ መሠረት ለመጠቀም የማያስችሉትን ወይም አጠቃቀሙን የሚያከብዱትን ጉድለቶች ነው፤ አሠሪው በርክክብ ጊዜ ሊያያቸው ይችል የነበሩትንም አይጨምርም። ስለሆነም በርክክብ ቀን በግልጽ የሚታይ ጉድለትን በዝምታ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የማይዘጋ ቫልቭ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ መውረጃ ሁሉ በርክክብ ሰነዱ ላይ መዝገብ ሊይዛቸውና የሚታረሙበት ቀን ሊወሰንላቸው ይገባል።

በርክክብ ቀን ቧንቧዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፍተው የውኃው አወራረድና የፍሳሹ አካሄድ ይታያል። የሚታይ ፍሳሽ ባይኖርም ሌሊቱን ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ፣ የታንከሩን መሙያ ጨምሮ፣ የቆጣሪውን ንባብ ማታና ጠዋት ማነጻጸር ያስፈልጋል። በፈረቃ አካባቢ ይህ መደረግ ያለበት ውኃ በሚኖርበት ሌሊት ነው። ከታንከር በኋላ ላለው መስመር ደግሞ በታንከሩ ውስጥ ያለውን የውኃ ከፍታ ምልክት አድርጎ ማደር ተመሳሳይ መረጃ ይሰጣል። በየሰኮንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ በቀን 20 ሊትር ያህል ውኃ ያባክናል፤ በግድግዳ ውስጥ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚጠጣው በብሎኬቱ ነው።

በውክልና የሚሠራ ቤት

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት የሚያሠሩትን ቤት በአብዛኛው የሚከታተልላቸው ዘመድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መታረቅን፣ በግልግል ዳኝነት መስማማትንና ክስ ማቅረብን ልዩ ውክልና ከሚጠይቁ ተግባራት መካከል ይቆጥራል። ስለዚህ በውክልናው ላይ እነዚህ ሥልጣኖች ተለይተው ካልተጻፉ ተወካዩ ሠራተኞችን መከታተል እንጂ በጉድለት ምክንያት መክሰስም ሆነ በስምምነት መጨረስ አይችልም። ውክልናው በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ሲዘጋጅ ይህ መታወቅ አለበት። ክፍያው ከውጭ የሚላክ ከሆነም የግፊት ፈተናው ቪዲዮ ከነመለኪያው ሳይደርስ የሚቀጥለውን ክፍያ አለመላክ አግባብ ነው።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ

ክሱ የሚቀርበው እንደ ገንዘቡ መጠንና እንደ ቦታው ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ነው። ከክሱ ጋር ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የፈተና ሰነዱ፣ ፎቶግራፎቹ፣ የማስጠንቀቂያው ቅጂ፣ የባለሙያው አስተያየትና የጥገና ወጪ ማስረጃ ይያያዛሉ። ፍርድ ቤቱ ጉድለቱን በቦታው አይቶ የሚያቀርብ ባለሙያ ሊመድብ ስለሚችል፣ ለኑሮ ወይም ለጤና አስቸጋሪ ካልሆነ በስተቀር ጉድለቱ የሚታይበት ክፍል እስከዚያ ድረስ ባለበት ቢቆይ ይመረጣል። ጥገናው መዘግየት የማይችል ከሆነ የተቆረጠው ቧንቧና መገጣጠሚያ ሳይጣል፣ ከየት እንደተነሣ ተጽፎበት፣ ጥገናውን ያየ ምስክር ባለበት መቀመጥ አለበት።